ከልጆቹ ኋላ ያለው ግድግዳ

አንድ ፎቶ አንሺ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ደምሰው ነው። ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ወደ ከተማዋ የሚገባም የሚወጣም በእሱ መስኮት ስር ነው የሚያልፈው። ደምሰው ደግሞ ምንም ነገር ከዓይኑ የማያመልጠው ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ገባ፤ ደምሰውም ጉርዱ ፎቶ በሌላ ፎቶ ላይ እንደተለጠፈ ጠርዙን አይቶ ብቻ አወቀ። ሰውየው ሲጣራ በሌላ ሰው ስም የሚኖር ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ። የከተማው ሰው ደምሰውን መንገድ ላይ እያስቆመ አመሰገነው፤ ፖሊሶቹም ባገኙት ቁጥር ሻይ ካልጋበዝንህ ይሉት ጀመር።

ምስጋናው ግን አልበጀውም። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ እንደዚያ መታወቂያ ያየው ጀመር፤ ጠርዙን ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደህና አደርክ ሲለው ምን ፈልጎ ይሆን ይላል። ነጋዴ ሳይከራከር ከሸጠለት ዕቃው ምን ሆኖ ነው ብሎ ያገላብጣል። ሚስቱ ስንዱ "አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ እያሰብክ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?" ስትለው "እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም" ይላታል። ይህን ሲል ደስ ይለው ነበር።

በዚያች ከተማ የታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ይስማው የሚባል ወጣት የስፖርት መምህር ነው፤ ብዙ የማያወራ፣ ልጆቹን ግን እንደ እህቶቹ የሚያይ። በዚያ ዓመት ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዞን ውድድር አለፈ። ወላጆችም ልጆቹ በአንድነትና አንድ በአንድ ፎቶ ይነሱ፣ ለየቤታችንም መታሰቢያ ይሁነን ብለው ተስማሙ። ደምሰው ካሜራውን ይዞ ሜዳ ወረደ።

ሜዳው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው። ከልጆቹ ኋላ ያለው ነገር ግን ለፎቶ የሚመች አልነበረም። የትምህርት ቤቱና የከተማዋ ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ረጅም ግድግዳ አለ። ከግድግዳው በላይ የውሃ ታንከሩ ይታያል። የጥበቃው ቤተሰብ ልብስ አጥቦ አጥሩ ላይ አስጥቷል፤ አንድ አህያም ከግቡ ኋላ ሣር ይግጣል። ደምሰው ልጆቹን በሌላ አቅጣጫ ሊያቆማቸው ሞከረ፤ ፀሐይዋ ከኋላቸው ሆነችና ፊታቸው ጠቆረበት። ስለዚህ በነበሩበት አነሳቸው።

ሲያነሳ አንድ ነገር ታዘበ። የቡድኑ በረኛ ትርሲት ከሰልፉ ወጥታ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ትርሲትና እናቷ ዝናሽ ወደ ከተማዋ ከመጡ ብዙ አልቆዩም፤ ዝናሽ ገበያ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፣ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ግን የለም። አሰልጣኙ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ቀና ብላ አጥሩ ጋ ወደ ቆመችው እናቷ አየች። ዝናሽ ትንሽ አመነታችና እሺ በሚል ዓይነት ራሷን ዝቅ አደረገች። ያኔ ትርሲት ሮጣ ገብታ መሃል ተቀመጠች፤ ኳሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ደምሰው "ምን ተባብለው ይሆን?" እያለ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ዘንድሮ ማሊያው ላይ ከቁጥር በቀር ምንም እንዳልተጻፈም ልብ አለ። ባለፈው ዓመት ደረቱ ላይ የከተማዋ ስም ነበረበት።

በማግስቱ ይስማው ፎቶ ቤቱ መጣ። ደምሰው ፎቶዎቹን በኮምፒውተሩ ከፈተለት።

"ጋሽ ደምሰው፣ ልጆቹ በጣም አምሮባቸዋል፤ እጅዎን ይባርከው" አለ ይስማው። "ብቻ ከኋላ ያለው ነገር ዓይን ይወስዳል። ባክግራውንዱ ሊቀየር ይችላል?"

"እንዴታ። አህያውንና ልብሱን አጠፋልሃለሁ። ግድግዳውን ትንሽ አደብዝዤ እተወዋለሁ፤ ያምራል።"

"ግድግዳውም ቢጠፋ ጥሩ ነው።"

"ግድግዳው ምን አደረገ? የከተማችን ስም እኮ ነው ያለበት። ወላጆች የሚወዱት እሱን ነው።"

ይስማው ፎቶውን አየ። "ሁሉም ይጥፋ ጋሼ። ግድግዳውም ታንከሩም። ሰማይና ሣር ብቻ ያድርጉበት።" ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። ዋናዎቹን ፎቶዎች ከኮምፒውተሩ ያጥፏቸው፤ ለማንም አይስጧቸው" አለ።

የደምሰው ጆሮ ቆመ። "ለምን?"

"እንዲሁ ነው። ልጆች ናቸው።"

"ልጆች ከሆኑ ግድግዳው ምን አገባው?"

ይስማው አመስግኖት ወጣ።

ደምሰው የፎቶ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ ፎቶውን አጎላው። የልጆቹን ፊት እየዘለለ ከኋላቸው ያለውን ብቻ መረመረ። አህያውን አለፈ፣ ልብሱን አለፈ። ከግቡ አጠገብ ሲደርስ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል አየ። ፎቶውን ወደ ጎን ሳበው፤ ሌላ ችካል አለ። ፈልጎ ሌሎችም አገኘ፤ ሁሉም በአንድ መስመር የተተከሉ ናቸው። በዚያው ሰሞን አንድ የማያውቀው ሰው ሜዳውን በሜትር ሲለካ ይስማው ጫፉን ይዞለት እንደነበረ ትዝ አለው።

"ገባኝ" አለ ለራሱ። ሜዳው ሊቆረስ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ እጁ አለበት፤ ፎቶ ማስረጃ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው አጥፋልኝ የሚለው። ይህን ካሰበ በኋላ የቀረው ሁሉ በራሱ ቦታ ቦታውን ያዘለት። ማሊያው ላይ የከተማዋ ስም የጠፋው ለምንድን ነው? ሜዳው ሲሄድ ቡድኑንም ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው አስቦ ይሆናል። ልጅቷን በጆሮዋ ያናገራት? እናትየዋ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው።

ከዚያ ወዲህ ደምሰው ይስማውን ይከታተለው ጀመር። አንድ ቀን ገበያ መሃል ከዝናሽ የስፌት መኪና አጠገብ ቆሞ ዝግ ብሎ ሲያወራ አየው። ደምሰው ሲቀርብ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝናሽ አጎንብሳ ስፌቷን ቀጠለች። ደምሰው ሰላም ብሏቸው አለፈና ጥግ ላይ ቆሞ ተመለከታቸው። ንጹሕ ወሬ ቢሆን ለምን ያቋርጡታል?

ለስንዱ ነገራት።

"እሱን ጠይቀው" አለችው።

"ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።"

"አልመለሰም ማለት ሰረቀ ማለት ነው?"

"ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር አለው?"

ስንዱ ጥቂት አሰበች። "እህቴ ታማ በነበረ ጊዜ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ለአንተ እንኳ ሳልነግርህ ስንት ጊዜ ቆየሁ። ያኔ ሌባ ነበርኩ?"

ደምሰው ይህን መልስ አልወደደውም። ሬዲዮኑን ከፈተ።

ሆኖም ነገሩ ስለከነከነው ሜዳ ድረስ ሄዶ ይስማውን ለብቻው አገኘው። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ ይሮጣሉ።

"እውነቱን ንገረኝ" አለው። "ያ ግድግዳ ለምን እንዲጠፋ ፈለግህ?"

"ምክንያት አለው ጋሼ። የራሴ ጉዳይ ቢሆን አሁኑኑ እነግርዎት ነበር። የሰው ነው። እባክዎ ይመኑኝ።"

ደምሰው ይህን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መታወቂያው የተለጠፈበት ያ ሰውም፣ ሲያፋጥጠው "እመነኝ" ብሎት ነበር። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰዎቹም አንድ መሰሉት።

የታዘዘውን ሥራ ግን በደንብ ሠራ። ሰማይና ሣር ብቻ ያለባቸውን ፎቶዎች ለየወላጁ አደለ። ከዚያም ያልተነካውን የቡድን ፎቶ አግዝፎ አተመና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በመስኮቱ ላይ ሰቀለው። ያንኑ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣው። ከላዩ ላይ "ይህ ግድግዳና ይህ ሜዳ ከልጆቻችን ፎቶ ላይ እንዲጠፋ የተፈለገው ለምንድን ነው? ችካሎቹን ተመልከቱ። ለሌሎችም አድርሱ" ብሎ ጻፈ።

ሰው አየ፤ ተቀባበለው። ሌላ ከተማ የሚኖሩ የአገሩ ልጆች ሳይቀሩ ለወዳጅ ዘመድ አደረሱት። መስኮቱ ስር የሚቆመው ሰው በረከተ። ሁሉም ጣቱን ችካሎቹ ላይ እየቀሰረ የመሰለውን ይናገራል።

ይስማው እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆት ነበር።

"ጋሽ ደምሰው፣ ይህን ፎቶ አሁኑኑ ያውርዱት። ስልክ ላይ ያለውንም። እለምንዎታለሁ።"

ደምሰው የተሰበሰበውን ሰው ዞር ብሎ አየ። "ምን አስፈራህ?"

"ለብቻችን እናውራ። እነግርዎታለሁ።"

"እኔ ከሕዝብ የምደብቀው የለኝም። የምትለው ካለ እዚሁ በል።"

ይስማው ሰዎቹን ተራ በተራ ተመለከታቸው። "ሰው ይጎዳል" አለ በመጨረሻ።

"ማን ነው የሚጎዳው?"

ይስማው አንገቱን ደፍቶ ዞሮ ሄደ። ከተሰበሰቡት አንዱ "አየኸው፣ አንገቱን ደፋ" አለ። ሌላውም "እውነት ያለው ሰው እንዲህ አይሆንም" ብሎ ተቀበለው።

የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ አሰልጣኙ ሜዳ እንዳይገባ ወሰነ። አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን ከልምምድ አስቀሩ። ልጆቹ ያለ አሰልጣኝ በራሳቸው መለማመድ ጀመሩ። ደምሰው ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው እየተነሳ ይጨብጠው ነበር። ይስማው ግን መንገድ ላይ ሲያየው ሰላምታውን አላስቀረበትም፤ ደምሰውም "ይህም ተንኮል ነው" ብሎ ያዘበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ አንድ ሰው ወረደና መስኮቱ ላይ ያለውን ፎቶ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ ገባ። ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። በአንድ እጁ አዲስ የሴት ልጅ ጫማ በካርቶን ይዟል።

"ይህን ፎቶ ያነሱት እርስዎ ነዎት?" አለ። "ድንቅ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ስልክ ላይ አይተነው በጣም ነው ያደነቅነው።"

ደምሰው ወንበር ሳበለት።

"መሃል ያለችው በረኛዋ የወንድሜ ልጅ ናት" አለ እንግዳው። "ወንድሜ ካረፈ በኋላ እናቷ በሐዘን አገር ለቃ ሄደች፤ ተጠፋፋን። አሮጊቷ እናታችን የልጅቷን ስም እየጠራች ታለቅሳለች። ግድግዳው ላይ የከተማችሁን ስም ባላነብ ዛሬም አላገኛቸውም ነበር። እግዜር ነው በእርስዎ እጅ ያገናኘን።"

ደምሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ነገር የሚፈልገው ሰው በዚህ ሰው ጀርባ ምንም አልፈለገም። እንግዳው ሳይጠየቅ መልስ ይሰጣል። ልጅቷ ስታኮርፍ የምታደርገውን ነገረው፣ የእናትየዋን ሙያ ነገረው፣ የጫማውን ቁጥር በግምት እንደገዛም ነገረው። ሁሉንም ስለተናገረ የሚደብቀው ያለ አልመሰለም።

ደምሰው ራሱ መንገድ ድረስ ወጥቶ ሸኘው። "ያንን ወፍጮ ቤት አለፍ ስትል ሰማያዊ በር አለ። ልጅቷ ልምምድ ላይ ናት፤ እናትየዋ ግን በዚህ ሰዓት ከገበያ ተመልሳ ቤቷ ናት" አለው።

"ውለታዎን አልረሳም" አለና ሰውየው ቀስ ብሎ ሄደ።

ደምሰው ልቡ ሞልቶ ወደ ጓዳ ገባ። ስንዱ ምስር ትለቅም ነበር። "ፎቶዬ ቤተሰብ አገናኘ" አላትና ነገሩን ሁሉ አጫወታት።

ስንዱ እጇን አቆመች። "ስሙን ጠየቅከው?"

ደምሰው አልጠየቀውም ነበር።

"መታወቂያ የምትመረምረው ሰውዬ" አለች ስንዱ ቀስ ብላ፣ "ሂድ እባክህ። ሩጥ።"

ሲደርስ ሰማያዊው በር ተገንጥሎ ወድቋል፤ ደጁ በሰው ተሞልቷል። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ጩኸት ሰምተው ባይደርሱ ኖሮ ዝናሽ በሕይወት አትገኝም ነበር። ክንዷ ተሰብሯል፣ ፊቷ አብጧል። ሰውየውን ይዘው መሬት ላይ አስቀምጠውታል። አሁን ፈገግታው የለም። የጫማው ካርቶን ደጃፉ ላይ ተረግጦ ተበትኗል። ሰውየው አጎት አልነበረም፤ የዝናሽ ባል፣ የትርሲት አባት ራሱ ነው። ይስማው ወሬውን እንደሰማ ሜዳ ሮጦ ትርሲትን ወስዶ ከእናቱ ቤት ሸሽጓት ነበር፤ አባቷ መያዙን እስኪሰማ ድረስም ከበሩ አልተነቃነቀም።

ዝናሽ ጤና ጣቢያ ተኝታ ሳለ ይስማውና ደምሰው ግቢው ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

"ከዚህ በፊትም ከተማ እየቀየረች ስትሸሸው ነው የኖረችው" አለ ይስማው። "እዚህ ትንሽ ረግታ ነበር። ልጅቷን ብቻዋን ከፎቶው ላስቀራት አስቤ ነበር፤ 'አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሌሎቹ ልሁን' አለችኝ። ወላጆች ፎቶውን ስልካቸው ላይ እንደሚያወጡት አውቃለሁ፤ ማንንም መከልከል አልችልም። ስለዚህ ፊቷ ቢታይም ቦታው እንዳይታወቅ ብለን ከዝናሽ ጋር ተስማማን። ማሊያውንም ያለ ስም ያሰፋሁት ለዚያ ነው።"

"ችካሎቹስ?" አለ ደምሰው።

"ለሴቶቹ ልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ ቤት ሊሠራላቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከለጠፈው ሰንብቷል።"

ደምሰው በዚያ ሰሌዳ አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አሰበ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ። ድምፁ የክስ አልነበረም፤ የሚለው ስላጣ ነው።

"ምስጢሩ የእኔ አልነበረም ጋሼ። ፎቶውን የሰቀሉት ቀን ግን ወደ ዝናሽ ሮጬ ልንገረው ወይ ስላት 'ለእሱ ብቻ ንገረው' ብላኝ ነበር። ለብቻችን እናውራ ያልኩዎት ልነግርዎት ነው።"

ደምሰው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ፎቶውን ከመስኮቱ አወረደው። ከፌስቡኩም አጠፋው። ሰዎች የተቀባበሉት ግን በየስልኩ ቀረ። ለሚያውቃቸው እየደወለ አጥፉልኝ ቢል "እሺ፣ ምን ነበረበት?" ይሉታል። ሲነግራቸው ደንግጠው ያጠፋሉ፤ ግን እነሱም ቀድመው ለሌላ ልከውታል። ደምሰው በዚያን ሰሞን ምክንያቱን ሳያውቁ ለምኗቸው ብቻ የሚያጠፉ ሰዎችን በጣም ወደዳቸው።

አባትየው ታሰረ። ነገር ግን ወንድሞቹ አሁን ከተማዋን አውቀዋታል። ዝናሽ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ከትርሲት ጋር ሌላ ቦታ ልትሄድ መሆኑን ደምሰው ሰማና ሊሰናበታት ጤና ጣቢያው ሄደ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ትርሲት ልብስ እያጠፈች ቦርሳ ውስጥ ታስገባለች፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ደምሰው መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። "ቤቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ጨዋ ሰው መሰለኝ።"

"አዎ፣ ጨዋ ይመስላል" አለች ዝናሽ። "እኔንም ያገባኝ እንደዚያ መስሎ ነው።"

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰደብ ይቀለው ነበር። ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። እናትና ልጅ በየት በኩል እንደሄዱ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ሳያውቅ መቅረትን የመረጠበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ኮሚቴው ይስማውን ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ቡድኑ ወደ ዞኑ ውድድር ሄደ፤ በረኛ ስላልነበረው ከተከላካዮቹ አንዷ ግብ ላይ ቆመች፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፎ ተመለሰ። ልጆቹ የተሸነፉበትን ምክንያት ያውቁት ነበር። ከከተማው ሰው ግን ደምሰውን ደፍሮ የወቀሰው የለም፤ መስኮቱ ስር ቆሞ ጣቱን ያልቀሰረ ጥቂት ነውና።

ደምሰው ዛሬም ፎቶ ያነሳል። ዓይኑም እንደተሳለ ነው። አንድ ሰው ይህን አጥፋልኝ፣ ያንን አታሳይብኝ ሲለው ግን "የሚጎዳ ሰው አለ?" ብሎ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። አለ ካሉት ያጠፋል፤ ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ወዳጆቼ፣ መጠርጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ያን የተለጠፈ መታወቂያ ያጋለጠው ይኸው ጥርጣሬ ነው። ደምሰውን የጣለው ዝምታን እንደ ጥፋት፣ ለስላሳ አንደበትን እንደ ንጽሕና መቁጠሩ ነው። ክፉ ሰው ታሪኩን አዘጋጅቶ ስለሚመጣ መልስ አያጣም። የሰው አደራ የያዘ ሰው ግን አፉ ተይዟል፤ ራሱን ነጻ ለማውጣት ሌላውን አሳልፎ መስጠት ስለሚሆንበት ሲወቀስ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ የተደበቀ ነገር ሲያጋጥመን ከመግለጣችን በፊት ሁለት ነገር እንመዝን፤ ዝም ብዬ ብሳሳት ምን ይጠፋል? ገልጬ ብሳሳትስ ማን ይጎዳል? ሜዳ ቢወሰድ ተሟግቶ ማስመለስ ይቻላል። የተገለጠ መሸሸጊያ ግን ተመልሶ አይሸሸግም። ለብቻችን እናውራ ያለንን ሰው ደግሞ ቢያንስ ለብቻው እንስማው።

እስቲ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። በዚህ ሰሞን መልስ ስላልሰጠን ብቻ ጥፋተኛ ያደረግነው ሰው ማን ነው? ደህና አድርጎ ስለተናገረ ብቻ የሌላ ሰው ቤት ያሳየነውስ?